ጥቁር ቆዳም ይታመማል፦ የቆዳ ካንሰርን በሥራ ቦታ መከላከልና መመርመር፣ ለቆቦና ለራያ ቆላ ነዋሪዎች



በመምህርነት ባሳለፍናቸው ዓመታት ከተማሪዎቻችን መካከል አልቢኒዝም ያለበት አንድ ልጅ ነበር። ጓደኞቹ «ፈረንጁ» ይሉታል። ጠዋት በሰልፍ ጊዜ ከሌሎቹ ጋር ፀሐይ ላይ እናቆመዋለን፤ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ጥላ ፈልጎ ሲሸሽ ሰነፍ ነው ብለን እንቆጣዋለን። የታችኛው ከንፈሩ ላይ የማይሽር ቁስል፣ የጆሮው ጫፍ ላይ ደግሞ ቅርፊት ነበረው። ምን እንደሆነ አላወቅንም፤ አልጠየቅንምም። ትምህርቱን አቋርጦ በሽንኩርት እርሻ ላይ የቀን ሠራተኛ መሆኑን የሰማነው ከጊዜ በኋላ ነው።

ያኔ ያላወቅነውን ዛሬ አሠሪው፣ ሠራተኛው፣ መምህሩና የመስጂድ ጀማዓው ሊያውቀው ይገባል እንላለን። ስለዚህ የቆዳ ካንሰር ምን እንደሆነ፣ በጥቁር ቆዳ ላይ እንዴት እንደሚታይ፣ በቆቦና በአካባቢው በምን ሥራ ላይ ያለ ሰው ይበልጥ እንደሚጋለጥ፣ ምን እንደሚደረግና ወዴት እንደሚኬድ በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

የቆዳ ካንሰር ምንድን ነው?

የቆዳ ካንሰር የቆዳ ሕዋሳት ከቁጥጥር ውጭ ሲራቡ የሚፈጠር በሽታ ነው። ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች 3 ናቸው።

የመጀመሪያው ቤዛል ሴል ካርሲኖማ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ፊትና አንገት ላይ ይወጣል፤ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚዛመተው ከስንት አንዴ ነው። ሁለተኛው ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ ነው። ቅርፊት ያለው እብጠት ወይም የማይድን ቁስል ሆኖ ይታያል፤ ችላ ከተባለ ወደ ንፍፊትና ወደ ውስጥ አካል ይሄዳል። በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ ጎልቶ የሚታየው ይህ ነው። ሦስተኛው ሜላኖማ ነው። ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡት ሕዋሳት ይነሳል፤ ከሦስቱ በቁጥር ያነሰ ቢሆንም በፍጥነት በመዛመት የከፋው እሱ ነው።

ሦስቱም በጊዜ ከተደረሰባቸው አብዛኛውን ጊዜ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ። በሕይወትና በሞት መካከል ያለው ልዩነት ብዙውን ጊዜ የመዘግየትና ያለመዘግየት ጉዳይ ነው።

«እኛ ጥቁሮች ነን፤ አይነካንም» የሚባለው ምን ያህል እውነት ነው?

ከፊሉ እውነት ነው። ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለም ከፀሐይ የሚመጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር ያግዳል። የጥቁር ሰው የላይኛው ቆዳ 13 ገደማ መለኪያ ካለው የፀሐይ መከላከያ ክሬም ጋር የሚቀራረብ ጥበቃ ይሰጣል፤ የነጭ ሰው ቆዳ ግን ከ3 ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ በእኛ አገር የቆዳ ካንሰር በአውሮፓና በአውስትራሊያ በሚታየው መጠን አይታይም።

አደገኛ የሚሆነው የተረፈው ክፍል ነው። በጥቁር ሰው ላይ ካንሰሩ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው፦ በውስጥ እግር፣ በመዳፍ፣ በጥፍር ሥር፣ በአሮጌ ጠባሳና ለዓመታት ባልዳነ ቁስል ላይ። ማንም እዚያ ካንሰር ይኖራል ብሎ ስለማያስብ በሽተኛው ወደ ሐኪም የሚሄደው ዘግይቶ ነው። ጃማይካዊው ዘፋኝ ቦብ ማርሊ እ.ኤ.አ. በ1981 በ36 ዓመቱ የሞተው በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር በጀመረ ሜላኖማ ነው። ጥቁር ነጥቡ መጀመሪያ ላይ በኳስ ጨዋታ የደረሰ ጉዳት ተደርጎ ተወስዶ ነበር። በባዶ እግር ወይም በክፍት ጫማ የሚሠራ ገበሬ እግሩ ላይ ጥቁር ነጥብ ቢያይ «እሾህ ወጋኝ» ወይም «ድንጋይ መታኝ» ብሎ እንደሚያልፈው ግልጽ ነው።

የራያ ቆላ ፀሐይ

ቆቦ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 570 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ ልክ አናት ላይ ትቆማለች። በሌላውም ወቅት ከአናት ብዙ አትርቅም። በተጨማሪም ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር ኃይል በመቶ 10 ያህል ይጨምራል።

የዓለም ጤና ድርጅት የጨረሩን ኃይል የሚለካበት ኢንዴክስ ከ3 ጀምሮ ጥንቃቄ ያስፈልጋል ይላል፤ 11ና ከዚያ በላይ የመጨረሻው ከባድ ደረጃ ነው። በእኛ አካባቢ ሰማዩ ጥርት ሲል እኩለ ቀን ላይ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ወደዚህ ደረጃ ይደርሳል። አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል፦ ሙቀትና ጨረር አንድ አይደሉም። ነፋስ ባለበት ወይም ስስ ደመና በሸፈነው ቀን ሰውነት ባይሞቅም ጨረሩ ያልፋል።

እንደ ሥራው ከወሰድነው ደግሞ ተጋላጩ ብዙ ነው። በማሽላና በጤፍ ማሳ የሚያርሰውና የሚያርመው ገበሬ፣ በቆቦ ጊራና ሸለቆ የመስኖ እርሻዎች ሽንኩርትና ቲማቲም የሚተክሉና የሚለቅሙ የቀን ሠራተኞች፣ ከዞብል በኩል ከብትና ግመል የሚነዱ እረኞች፣ በመንገድና በሕንፃ ግንባታ ላይ ያሉ፣ የባጃጅ ሹፌሮች፣ ጉልት ላይ ቀኑን ሙሉ የሚውሉ እናቶች፣ የትራፊክ ፖሊሶች ሁሉ የሥራ ቦታቸው ፀሐይ ነው።

ከሥራ ጋር ያለው ግንኙነት

ካንሰር ከሥራ ሊመጣ እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በቆዳ ካንሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ1775 ፐርሲቫል ፖት የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም የለንደን ጭስ ማውጫ ጠራጊዎች የብልት ከረጢት ቆዳ ካንሰር እንደሚይዛቸው፣ ምክንያቱም በቆዳቸው ላይ የሚከማች ጥላሸት እንደሆነ ጻፈ። ዛሬም ጥላሸት፣ የድንጋይ ከሰል ሬንጅና በአግባቡ ያልተጣራ የማዕድን ዘይት በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠው መደብ ውስጥ ናቸው። የፀሐይ ጨረርም እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በዚሁ መደብ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የእርሻ ብቻ አይደለም። በጋራዥ የተቃጠለ ዘይት በእጁና በልብሱ ላይ አድርቆ የሚውል መካኒክም ይመለከተዋል።

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 በጋራ ባወጡት ግምት መሠረት በ2019 በዓለም ላይ 1.6 ቢሊዮን ሰዎች ከቤት ውጭ ሲሠሩ ለፀሐይ ጨረር ተጋልጠዋል። ከሜላኖማ ውጭ ባሉት የቆዳ ካንሰሮች ከሚሞቱት 3 ሰዎች መካከል የአንዱ ያህል ሞት፣ ማለትም ወደ 19,000 የሚጠጋው፣ ከዚህ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው።

ይበልጥ መጠንቀቅ ያለባቸው

1. አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን። ሰውነታቸው ሜላኒን ስለማያመርት ወይም በጣም ጥቂት ስለሚያመርት ተፈጥሯዊው ጋሻ የላቸውም። በአፍሪካ ጥበቃ ያላገኙት ገና በወጣትነታቸው በስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ ይጠቃሉ። ዓይናቸውም አጥርቶ ስለማያይ ትምህርት ያቋርጣሉ፤ ትምህርት ያቋረጠ ደግሞ የሚያገኘው ሥራ የፀሐይ ሥራ ነው። የእኛ ተማሪ የሄደበት መንገድ ይኸው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ጁን 13ን የአልቢኒዝም ግንዛቤ ቀን አድርጎታል።

2. አሮጌ ጠባሳና የቆየ ቁስል ያለባቸው። በእሳት ወይም በፈላ ውሃ የተቃጠለ፣ በጥይት ወይም በፍንዳታ የቆሰለ፣ ለዓመታት ያልዳነ የእግር ቁስል ያለበት ሰው ቦታው ላይ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ አንዳንዴም ከ20ና ከ30 ዓመት በኋላ፣ ካንሰር ሊነሳበት ይችላል። ሐኪሞች የማርዦሊን ቁስል ይሉታል። ጦርነት ባለፈበት አካባቢያችን ጠባሳ የተሸከመ ብዙ ነው። እነዚህ ሰዎች ዛሬ ደህና ቢሆኑም ጠባሳቸውን ዕድሜ ልክ ሊከታተሉት ይገባል።

3. የሰውነት የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ፣ ለምሳሌ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው። በምሥራቅ አፍሪካ በዓይን ነጭ ክፍል ላይ የሚበቅል ካንሰር ከፀሐይ ጨረርና ከኤች አይ ቪ ጋር ይያያዛል።

4. ቆዳ ለማንጣት ክሬም የሚቀቡ። አላህ የሰጠንን ጋሻ በገንዘባችን እየገፈፍን ፀሐይ ላይ መውጣት ነው።

በሥራ ቦታ መከላከል

ቀላሉ መለኪያ ጥላ ነው። ጥላህ ከቁመትህ ካጠረ ጨረሩ ከባድ ነው፤ ጥላህ ከቁመትህ ከረዘመ ቀለል ብሏል። ይህ መለኪያ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የዙህር ወቅት የሚገባው ፀሐይ ከአናት ስታዘነብል ነው፤ የአስር ወቅት በብዙኃኑ ዑለማእ ዘንድ የሚገባው የአንድ ነገር ጥላ፣ ከእኩለ ቀን ጥላው በላይ፣ የራሱን ርዝመት ሲያህል ነው። ስለዚህ አስር ሲደርስ የጨረሩ ክፉ ሰዓት አልፏል ማለት ነው። በሰዓት ካሰብነው መጠንቀቅ ያለብን ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው።

ከዚህ ተነስቶ አሠሪው ብዙ ሳያወጣ የሚያደርገው አለ።

ሥራን ማለዳ መጀመርና ከባዱን ሥራ ከ4 ሰዓት በፊት መጨረስ። የምሳና የዙህር ዕረፍቱን አጣምሮ በጥላ ሥር ረዘም ማድረግ፤ የቀረውን ሥራ ከአስር በኋላ መቀጠል። ማሳው ዳር ዳስ መጣል፤ ዛፍ ካለ አለመቁረጥ። ጥላ ሥር የሚሠራውን ሥራ፣ ለምሳሌ ሽንኩርት መለየትና ጆንያ መስፋት፣ ለእኩለ ቀን ማቆየት።

ልብስን በተመለከተ እጅጌው ረጅም፣ ሽመናው ጠበቅ ያለ ጨርቅ ይመረጣል። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንስቶ ማየት ነው፤ ብርሃን በብዛት ካሳለፈ ጨረርም ያሳልፋል። ነጠላ ለዚህ አይበቃም። ጥምጣም አናትን ይሸፍናል እንጂ ፊትንና ጆሮን አያጠላም፤ ዙሪያውን ሰፊ ክፈፍ ያለው የሰሌን ባርኔጣ ይሻላል። የእህቶቻችን ሒጃብ አንገትንና ጆሮን በመሸፈን ጥሩ ጥበቃ ይሰጣል፤ ፊት ግን ተጨማሪ ጥላ ይፈልጋል።

የፀሐይ መከላከያ ክሬም በመጀመሪያ የሚያስፈልገው አልቢኒዝም ላለባቸው ነው። መለኪያው 30ና ከዚያ በላይ ይሁን፤ በየ2 ሰዓቱ ይደገም። ክሬሙ ውድ ስለሆነ ለሁሉም ሠራተኛ ለማዳረስ ከመጨነቅ ይልቅ ለሚያስፈልገው ሰው በቋሚነት ማቅረብ ይበልጣል። ክሬም ተቀብቶም ልብስና ጥላ አይቀርም።

በእርሻና በግንባታ ላይ የተዘጋ ጫማ መልበስ እግርን ከቁስል ይጠብቃል። በጋራዥ ጓንት ማድረግ፣ ዘይት የነካውን ልብስ ቶሎ መቀየር፣ እጅን በቤንዚን ሳይሆን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የሠራተኛውን ጤንነትና ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል። አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ ማቅረብ፣ ስለ አጠቃቀማቸውም ማስረዳት አለበት። አደገኛ ሥራ ላይ ለተሰማሩ ሠራተኞች እንደ አስፈላጊነቱ በራሱ ወጪ የሕክምና ምርመራ እንዲያደርጉ ማድረግም ግዴታው ነው። በዚሁ አዋጅ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ሠራተኛውም በበኩሉ የተሰጠውን መከላከያ የመጠቀም ግዴታ አለበት። ባርኔጣ ተሰጥቶት ጋሪ ላይ ጥሎ የሚሠራ ሰው ጥፋቱ የራሱም ነው።

የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ አሠሪው የሥራ ሁኔታውን ለአካል ጉዳተኛው እንዲያመቻች ያስገድዳል። በአልቢኒዝም ምክንያት የማየት ችግር ያለበትን ሰው ከፀሐይ ወደ መጋዘን ወይም ወደ ቆጠራ ሥራ ማዛወር ውለታ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

የራሱን መሬት የሚያርሰው ገበሬ አሠሪ የለውም፤ ሕጉ አይደርስለትም። ለእሱ የሚደርሰው ይህ እውቀት ብቻ ነው።

ምርመራ፦ ለማን፣ እንዴት?

ሠራተኛውን ሁሉ አሰልፎ መመርመር አያስፈልግም። በአሜሪካ እንኳ ጉዳዩን የሚመረምረው የባለሙያዎች ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2023 ምልክት የሌላቸውን ሰዎች በሙሉ ለመመርመር በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። ጥቂት የቆዳ ሐኪሞች ባሉበት አገር ምርመራው ከላይ የጠቀስናቸውን አራት ወገኖች፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን፣ ማስቀደም አለበት። አልቢኒዝም ያለበት ሠራተኛ ቢያንስ በየ6 ወሩ በጤና ባለሙያ ቢታይ መልካም ነው። የቀረው ሠራተኛ ራሱን ማየት ይበቃዋል፤ ምልክት ካገኘ ይሄዳል።

ራስን ለማየት ደግሞ ለእኛ የተሰጠ ጊዜ አለ። ዉዱእ ስናደርግ ፊታችንን፣ እጃችንን፣ ጆሯችንን፣ እግራችንን እስከ ቁርጭምጭሚት እናጥባለን ወይም እናብሳለን፤ በጣቶች መካከል ውሃ እናደርሳለን። በጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ የሚደበቅባቸው ቦታዎች እነዚሁ ናቸው። በወር አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ በአንዱ ጁሙዓ ማለዳ፣ ስንታጠብ ውስጥ እግራችንን ገልብጠን፣ ጥፍሮቻችንን አንድ በአንድ በብርሃን እንይ። ሂና የሚቀቡ እህቶች አዲስ ከመቀባታቸው በፊት ጥፍራቸውንና ውስጥ እግራቸውን ይዩ፤ ሂና ምልክቱን ይሸፍነዋልና። የማናየውን የጀርባ ክፍል የትዳር አጋር ይይልን።

የሚከተሉትን ስናይ ወደ ጤና ተቋም እንሂድ።

— ከአንድ ወር በላይ ያልዳነ፣ ወይም ድኖ ተመልሶ የሚከፈት ቁስል፤ በተለይ ከንፈር፣ ጆሮና ፊት ላይ።
— አሮጌ ጠባሳ ወይም የቆየ ቁስል ሲያብጥ፣ ጠርዙ ሲጠነክር፣ ሲደማ ወይም ሽታው ሲለወጥ።
— በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ፣ ከ3 ሚሊ ሜትር የሰፋ ወይም ወደ ጥፍሩ ዙሪያ ሥጋ የተሻገረ ጥቁር መስመር። በብዙ ጥፍሮች ላይ ከቆየ ጀምሮ ያለ ቀጭን መስመር በጥቁር ሰዎች የተለመደ ነው፤ አያስደነግጥም።
— በውስጥ እግር ወይም በመዳፍ ላይ የሚያድግ ጥቁር ነጥብ።
— በማንኛውም ቦታ ያለ ምልክት ሁለቱ ጎኑ ሳይመሳሰል፣ ጠርዙ ሲቆራረጥ፣ ቀለሙ ሲቀላቀል፣ ከ6 ሚሊ ሜትር ሲበልጥ ወይም ሲለዋወጥ።
— በዓይን ነጭ ክፍል ላይ እየበቀለ የሚመጣ ሥጋ።

ወዴት እንሂድ?

መነሻው ቅርብ ነው፦ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን አብዛኞቹ ሴቶች ስለሆኑ እህቶቻችን በሐያእ ምክንያት የሚዘገዩበት ምክንያት የለም። ከዚያ በሪፈር ወደ ቆቦና ወደ ወልዲያ ሆስፒታሎች ይኬዳል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል የሆነ ሰው ሪፈሩን ደረጃውን ጠብቆ ማስጻፉ ወጪውን ያቀልለታል።

በወሎ በቆዳ ሕክምና የታወቀው ደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው። የወሎ ሙስሊም የቦታውን ስም የሚያስታውሰው በ1870 ዓ.ም. ከተካሄደው ጉባኤ ጋር አያይዞ ነው፤ ዛሬ ግን ለሥጋ ደዌ፣ ለቆዳና ለዓይን ሕሙማን መድረሻ ሆኗል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት የቆዳ ሕክምና ማዕከል አለው። የጨረር ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመምተኛ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የነበረው ብቸኛ ማዕከል ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነበር፤ ከጊዜ በኋላ በሌሎች ከተሞችም መከፈት ጀምሯል።

ሐኪሙ ከቁስሉ ናሙና ልውሰድ ቢል አንፍራ። «ምላጭ ከነካው ይሰራጫል» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ገድሏል። ካንሰሩ የሚሰራጨው ስለተቆረጠ አይደለም፤ ሳይቆረጥ ስለቆየ ነው። ነጥቡን በአሲድ ወይም በጋለ ብረት ማቃጠል፣ ወይም በቅጠል እያሰሩ ወራት ማሳለፍ ጊዜ ይበላል። ሩቅያና ዱዓ ከሕክምና ጋር አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ከማን ምን ይጠበቃል?

አሠሪ፦ ዳስ፣ ውሃ፣ ባርኔጣና የሰዓት ማስተካከያ። ካፖና የሥራ ኃላፊ፦ ቁስል ያለበትን ሠራተኛ አይቶ አለማለፍ፣ ለሕክምና ሲሄድ ቀኑን አለመቁረጥ። የእርሻ ማኅበራት፦ በዓመት አንድ ቀን የጤና ባለሙያ ጠርቶ ማስተማር። ኢማሞችና ዳዒዎች፦ ከጁሙዓ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ስለ ጉዳዩ መናገር፤ አልቢኒዝም በሰው ላይ የወረደ ቁጣ አለመሆኑን፣ በስድብ መጥራትም ነውርና ኃጢአት መሆኑን ማስረዳት። መምህራን፦ ልጁን በሰልፍ ጊዜ ጥላ ሥር ማቆም፣ ከፊት ወንበር ማስቀመጥ፣ ባርኔጣውን በክልክል ስም አለማስወለቅ።

የመጨረሻውን የምንጽፈው ለራሳችንም ጭምር ነው። ጥላ የሚፈልግ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ዛሬ በየማሳውና በየትምህርት ቤቱ እንደ እሱ ያለ አለ። ይህን ያነበበ ሰው ነገ ጠዋት ከንፈሩ ላይ የማይድን ቁስል ያለበት ሠራተኛ ቢያጋጥመው «ይህ ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነው?» ብሎ ይጠይቀው። ሰውነታችን አማና ነው፤ በእጃችን ሥር የሚሠራው ሰው ሰውነትም አማና ነው።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን፣ ለእኛም የሰማነውን የምንሠራበት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።